ነፋስን በጎማ ያሰረው የእንስሳት ሐኪም፤ የጆን ቦይድ ዳንሎፕ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚመጣ፥ ወይም ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ፥ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ፥ በየከተማው መግቢያ አሮጌ ጎማ እንደ ምሰሶ ተደራርቦ የቆመበትን ቤት ሳያይ አያልፍም። ይህ ቤት ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ የሚለውም ጎሚስታ የሚለውም ቃል የኢጣልያንኛ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ጥቂት ቆሞ መመልከት ልማዴ ሆኗል። አንድ ቀን ታዲያ የመጀመሪያውን ጎማ የሠራው ማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፥ ሳያመነቱ ዳንሎፕ ነው አሉኝ። ዳንሎፕ የፋብሪካ ስም እንጂ የሰው ስም መሆኑን ግን እርሳቸውም አያውቁም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

ጆን ቦይድ ዳንሎፕ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ አገር፥ በአይርሻየር አውራጃ፥ ድሬግሆርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ በእኛ አቈጣጠር ካልተባለ በቀር፥ የአውሮፓውያን ናቸው።) ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ነው እየተባለ ስላደገ፥ ዕድሜውን ሙሉ ለጤናው የሚሠጋና የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። በኤዲንበርግ ከተማ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ገና በ19 ዓመቱ ተመረቀ። በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻገረ፤ በ1871 ትዳር ያዘ፤ በመጨረሻም በቤልፋስት ከተማ ተቀመጠ። በዚያም የነበረው የእንስሳት ሕክምና ቤት በአገሩ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር። እንግዲህ ጎማን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው መካኒክም መሐንዲስም አልነበረም፤ የፈረስና የላም ሐኪም ነበር። ለሥራው የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ዕቃዎች ግን ራሱ ከላስቲክ እየሠራ ይጠቀም ስለ ነበር፥ የላስቲክን ጠባይ ያውቅ ነበር።

በ1887 ትንሹ ልጁ ጆኒ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ነበረው። የቤልፋስት መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ቢስክሌቱ በድንጋዩ ላይ ሲሄድ ልጁን ክፉኛ ያንገጫግጨው ነበር። ዳንሎፕም ይህን ተመልክቶ አሰበ፤ ድንጋዩን ማለስለስ ካልተቻለ መንኰራኵሩን ማለስለስ ይቻል እንደ ሆነ ሊሞክር ተነሣ። ከስስ ላስቲክ ቱቦ አበጀና በክብ እንጨት ዙሪያ ጠምጥሞ በጨርቅ ሸፈነው፤ ከዚያም በልጁ የኳስ መንፊያ ነፋው። ይህን መንኰራኵርና የልጁን የቢስክሌት መንኰራኵር በግቢው ውስጥ እኩል አንከባለላቸው። የቢስክሌቱ መንኰራኵር መንገድ ሳይጨርስ ወደቀ። ነፋስ የተሞላው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር እስኪጋጭ ሄደ፤ ተጋጭቶም ነጥሮ ተመለሰ።

ብዙ ሰው የዳንሎፕን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ጎሚስታ ቤት ቆሜ ከተመለከትሁ በኋላ አንድ ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። ነፋስን በቱቦ ውስጥ መሙላት ቀላል ነው፤ ኳስም እንዲሁ ይነፋል። የሚከብደው በሩ ነው። ነፋሱ ሲገባ የሚከፈት፥ ከገባ በኋላ በራሱ የሚዘጋ፥ ሲፈለግ ደግሞ የሚያስወጣ በር ያስፈልጋል። ይህም በር ከመንኰራኵሩ ጋር በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ እየዞረ፥ አቧራና ጭቃ እየመታው መዝጋቱን መተው የለበትም። ይህ በር ቫልቮላ የምንለው ነው። በመጀመሪያዎቹ የዳንሎፕ ጎማዎች ላይ ይህ ነገር ገና አልተሟላም ነበር፤ ጎማውም ከመንኰራኵሩ ጋር በማጣበቂያና በሸራ ተጠምጥሞ የተያዘ ስለ ነበር፥ አንዴ የተነፈሰ እንደ ሆነ ፈትቶ መጠገን ትልቅ ሥራ ነበር።

ያም ሆኖ ፈጠራው በ1888 በመንግሥት ተመዘገበለት፤ የመብት ወረቀቱንም ዲሴምበር 7 ቀን ተቀበለ። በሚከተለው ዓመት፥ ሜይ 18 ቀን 1889፥ ዊሊ ሂዩም የሚባል ቢስክሌተኛ በቤልፋስት በተደረገው የኩዊንስ ኮሌጅ ውድድር ላይ በዳንሎፕ ጎማ ቀረበ። የተወዳደረባቸውን አራቱንም ውድድሮች አሸነፈ። ከተሸነፉት መካከል የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩበት። አባትየው በልጆቹ መሸነፍ ከመናደድ ይልቅ የጎማውን ነገር መረመረ፤ ከዳንሎፕም ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት በደብሊን ኩባንያ አቋቋመ። ዳንሎፕም የፈጠራ መብቱን ለዱ ክሮ አስተላለፈ።

እዚህ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር መጣ። መብቱን ባገኘ በሁለት ዓመት ውስጥ ወረቀቱ እንደማይጸና ተነገረው። ምክንያቱም ሌላ የስኮትላንድ ሰው፥ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ፥ ይህንኑ አሳብ በ1845 አስመዝግቦት ኖሯል። ቶምሰን ያን ጊዜ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በሎንዶን መናፈሻ ውስጥ ነፋስ በተሞላ መንኰራኵር የፈረስ ሠረገላ አስነድቶ አሳይቷል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አውቶሞቢል አልነበረም፤ እንደ ዛሬው ያለ ቢስክሌትም አልነበረም፤ ላስቲኩም ውድ ነበር። ስለዚህ አሳቡ ተረሳ። ዳንሎፕ ስለ ቶምሰን ምንም ሳያውቅ ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ ያንኑ ነገር እንደ ገና ፈለሰፈው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ የዳንሎፕን ክብር አይቀንስም፤ የመጀመሪያው ጎማ የማን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ግን ከእንግዲህ የሁለቱንም ስም መጥራት ይገባል።

ኩባንያው የዳንሎፕን መብት ቢያጣም ሌሎች ሁለት መብቶችን ገዝቶ ተረፈ። እነርሱም ዌልች የተባለው ሰው ጠርዙን በሽቦ ያጠናከረው ጎማና ባርትሌት የተባለው በቸርኬው ጠርዝ የሚያዝ ጎማ ናቸው፤ ሁለቱም የ1890 ሥራዎች ናቸው። በእነርሱ ምክንያት ጎማን ያለ ማጣበቂያ ማውጣትና ማግባት ተቻለ። በ1891 ደግሞ ዉድስ የተባለ ሰው ተፈትቶ የሚጸዳና የሚለወጥ ቫልቮላ ሠራ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ከተማ፥ የጠላቂ ዋናተኞችን መሣሪያ ይሠሩ የነበሩት ሽሬደሮች ሌላ ዓይነት ቫልቮላ መሞከር ጀመሩ፤ በ1893ም የመብት ወረቀት አገኙ። በውስጡ በስፕሪንግ የተያዘች ቀጭን መርፌ አለችበት፤ መርፌዋ ስትጫን ይከፈታል፥ ስትለቀቅ ይዘጋል። ዛሬ በአዳማ በሚዞረው ባጃጅም ሆነ ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ በሚመጣው ከባድ መኪና ላይ ያለው የዚሁ ዓይነት ነው።

ጎሚስታው ይህን ቫልቮላ ሲገጥሙ ማየት የሚያስደስት ነው። ከመነዳሪ ለሌለው የቤት መኪና ጎማ ቫልቮላው በላስቲክ የተሸፈነ ነው። መጀመሪያ በቸርኬው ላይ ያለውን ቀዳዳ ከዝገትና ከአሸዋ ያጸዳሉ። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቫልቮላውን በሳሙና ውሃ አርጥበው ከቸርኬው ውስጥ ወደ ውጭ ያሾልኩትና በመጎተቻ ብረት ይስቡታል፤ በላስቲኩ አንገት ላይ ያለው ቦይ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጥልቅ ሲል ይሰማል። በኋላ ጎማው ተገጥሞ ሲነፋ የሳሙና ውሃ ያፈሱበታል፤ አረፋ ካልወጣ ደኅና ነው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሲሆን ግን ቫልቮላው ከከመነዳሪው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከመነዳሪውን በጥቂቱ ነፍተው ቅርጽ ካስያዙት በኋላ ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መውጣቱን ያያሉ። ያዘነበለ እንደ ሆነ ከመነዳሪው ውስጥ ለውስጥ ተንሸራቷል ማለት ነውና፥ ትንሽ እንደ ሄደ ከሥሩ ይቀደዳል።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ቢኖር የአጎቴን ነገር ይስማ። አጎቴ ከአዳማ መተሐራ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ አዲስ ጎማ ሲያስገባ፥ ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል አሮጌው ቫልቮላ ሳይለወጥ ቀረ። ላስቲክ በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጠቃል። ጎማው አዲስ፥ በሩ አሮጌ ሆነና ነፋሱ ቀስ እያለ ወጣ። ነፋስ የጎደለው ጎማ በሄደ ቁጥር እየተጣጠፈ ይግላል፤ በዚያ ላይ የቆላው አስፋልት አለ። ወለንጪቲን እንዳለፈ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቆመ እንጂ አልተገለበጠም፤ ከተሳፋሪው ማንም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ጎማ በለወጠ ቁጥር ቫልቮላውንም ያስለውጣል፤ ክዳኑም ከጠፋ ሌላ ሳይገዛ አይነሣም። ነፋሱንም የሚያስለካው ጠዋት፥ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የቤት መኪና ጎማ ግፊት በ0.1 ባር ያህል ስለሚጨምር፥ በሙቅ ጎማ ላይ የታየው ቍጥር ያታልላል።

ወደ ዳንሎፕ እንመለስ። ዳንሎፕ የፈጠራው ስም እየገነነ ሲሄድ እርሱ ከኩባንያው እየራቀ ሄደና በ1890ዎቹ አጋማሽ ላይ ሥራውን ለቀቀ። በ1896 ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ከዚህ ሀብት ለዳንሎፕ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። እርሱ በደብሊን ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ እየተሳተፈ ጸጥ ብሎ ይኖር ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም.፥ ዳንሎፕ በሕይወት ነበረ። በአዳማ ያልፍ የነበረው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ገና አልሞተም ነበር።

በእርጅናው ዘመን ያስቈጣው ነገር የገንዘቡ ጉዳይ አልነበረም። ኩባንያው ረጅም ነጭ ጢም ያለውን መልኩን ለማስታወቂያ ይጠቀምበት ነበር፤ በኋላም ፊቱን ባልተለመደና በተጋነነ አለባበስ በተሳለ ሰው ላይ አድርጎ አወጣው። ቁም ነገረኛው የእንስሳት ሐኪም መሳቂያ አደረጉኝ ብሎ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ በፍርድ ቤት ከሰሰ። ኦክቶበር 23 ቀን 1921 በ81 ዓመቱ በደብሊን ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ከተማ አጠገብ በዲንስ ግሬንጅ መካነ መቃብር ነው። ስለ ጎማው ታሪክ በራሱ እጅ ጽፎ የተወውን መጽሐፍ ከሞተ በኋላ ሴት ልጁ አሳተመችለት።