የታመመን ያጠቡ የልዕልት እጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በእነዚህ የጾመ ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀናት ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ሁሉም ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ይቆርባል። ሱባኤ የሚገባውም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እቤት የሚጠብቀን ሌላም ሥራ አለ። አልጋ ላይ የዋለች እናት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው አባት፣ ለወራት የተኛ ወንድም በየቤታችን አለ። ታዲያ ገላቸውን ማን ያጥባቸው? አብዛኞቻችን ለቤት ሠራተኛዋ ወይም ለታናሽ እኅታችን እንተወዋለን። እኛ ግን ብርቱካን አስቀምጠን፣ እግዜር ይማርሽ ብለን፣ በር ላይ ቆመን እንወጣለን። እውነት አይደል?

እንግዲህ በዚህ ጾም ስለ አንዲት የንጉሥ ልጅ ልንነግራችሁ ወደድን። እኒህ ሴት በስንክሳር የምናነባቸው ቅድስት አይደሉም፤ እንደ እኛው ምእመን ነበሩ። ሆኖም እኛ የምንሸሸውን ሥራ እርሳቸው ፈልገው ተምረው፣ ሙያቸው አድርገውታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። ያደጉት በቤተ መንግሥት ነው። በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው እጁን እንኳ ሌላ ሰው ውኃ አፍስሶለት እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ። በ1928 ዓ.ም. ግን ጠላት አገራችንን ወረረ። የመርዝ ጋዙ በሰው ገላ ላይ ሲወርድ ቆዳውን እየላጠ አቆሰለው፤ ገበሬው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ተቃጠለ። በዚያ ወራት የአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ለወታደሩ ፋሻ ያዘጋጁ ነበር፤ ልዕልት ፀሐይም ከመካከላቸው ነበሩ። ስለ መርዙ ጋዝም ለውጭ አገር ሴቶች አቤቱታ አሰምተዋል። ዕድሜያቸው ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ። ቤተሰቡ በጅቡቲ በኩል ኢየሩሳሌም ደረሰ፤ ከዚያም የስደቱ መኖሪያ እንግሊዝ አገር ሆነ። አገር የሌለው ንጉሥ ልጅ ምን ትሠራ? ሐዘን መቀመጥ ትችል ነበር። በእንግዳ ቤት ተቀምጣ የቀድሞ ክብሯን ማስታወስም ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው በስደቱ የመጀመሪያ ዓመት ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያን ዘመን የነርስ ተማሪ ሥራ ምን ነበር? ነጭ ልብስ ለብሶ መርፌ መውጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተማሪዋ የምትጀምረው ከታችኛው ሥራ ነው። አልጋ ታነጥፋለች፤ የታመመውን ሕፃን ገላ ታጥባለች፤ የሽንት ጨርቅ ትቀይራለች፤ ፖፖ ትደፋለች፣ ታጥባለች፤ ያስመለሰውን ልጅ አፉን ትጠርጋለች፤ ጸጉሩን ታበጥራለች። ይህም ከሕክምናው የተለየ ተራ ጉልበት ሆኖ አይታይም ነበር። ፔኒሲሊን ለሕመምተኛው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነውና ቁስል ካመረቀዘ፣ ተቅማጥ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከተዛመተ፣ ሐኪሙ በእጁ ያለው መድኃኒት ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ የነርሷ ሳሙና፣ የነርሷ ውኃ፣ የነርሷ ንጹሕ እጅ ነበር። ሰነፍ እጅ ሕፃን ይገድላል፤ ትጉህ እጅ ያተርፋል።

ሌላም ነገር አለ። ልዕልት ፀሐይ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1931 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያለውን ግዛት በሕግ አወቀ። ይህ ማለት እርሳቸው በየቀኑ ልጆቹን የሚያጥቡለት አገር፣ አባታቸው ከእንግዲህ ንጉሥ አይደሉም፣ አገራቸውም አገር አይደለችም ያለ ያህል ነው። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ጎረቤታችን ሰላምታ ከነፈገን እኮ ልጁ ታሞ እንኳ አንጠይቅም! በልባቸው ምን እንደተመላለሰ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሥራቸውን ጥለው አልወጡም። የታመመው ሕፃን መንግሥት አይደለም፤ ውል አልፈረመም፤ ገላው ቆሽሿል፣ መታጠብ አለበት። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል የነገረን ደጉ ሳምራዊም ቁስለኛውን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው ቁስሉን ያሰረለት።

ሦስቱን ዓመት ጨርሰው በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሠልጣኝ ነርሶች አንዷ ናቸው። በዚያም አላቆሙም፤ የአዋቂ ሕመምተኞችን እንክብካቤ ለመማር ጋይስ ወደሚባለው የለንደን ሆስፒታል ገቡ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ለንደንም በአውሮፕላን ቦምብ ትደበደብ ጀመር። በዚሁ ጊዜ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም.፣ እኅታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ በጣሊያን አገር በግዞት እንዳሉ ዐረፉ። የገዛ እኅትን ማስታመም ሳይቻል የባዕድ ሕመምተኛ ማስታመም እንዴት ያለ መስቀል ነው!

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። ልዕልቷ የተማሩት ሙያ ነውና እኛም ጥቂቱን ብንማረው ነውር የለውም። ፍቅር ብቻውን አያጥብም፤ አያያዝ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ደም ወይም ዐይነ ምድር ካለ ጓንት አድርጉ። ከዚያ ለሕመምተኛው ልታጥቡት እንደሆነ ንገሩት፤ መናገር ቢያቅተውም ይሰማ ይሆናል፣ እንደ ዕቃ አታገላብጡት። በሩን ዝጉ፤ ሰው አይግባ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክንዳችሁ ሞክሩት። መላ ገላውን አንድ ጊዜ አትግለጡ፤ የምታጥቡትን ብቻ ገልጣችሁ ሌላውን በነጠላ ሸፍኑ። ከፊት ጀምሩ፤ ዐይንን ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ ወደ ውጭ ጥረጉ። ከዚያ እጅ፣ ደረት፣ እግር። ኀፍረተ ሥጋውን በመጨረሻ፣ ውኃውንና ጨርቁን ለውጣችሁ እጠቡ፤ ለሴት ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የእግር ጣቶቹን መሐል ሳትረሱ አድርቁ። አፉንም አጽዱለት፤ አፉ የደረቀ ሰው መብል አይወርድለትም።

ስታገላብጡት ጀርባውን፣ ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን ተመልከቱ። የቀላ ቦታ ካያችሁ የመኝታ ቁስል ሊጀምር ነውና አትሹት፤ በዚያ ጎን አታስተኙት፤ ለጤና ባለሙያም አሳዩት። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መለወጥ ይህን ቁስል ይከላከላል። ነርስ ባለበት ሆስፒታል እንኳ በአገራችን ብዙውን ጊዜ የሚያጥበው አስታማሚው ነውና ነርሷን አሳዪኝ ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

አንዳንዶቻችን ሽታው ይከብደናል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን አስቡት፤ ለእኛ የሸተተን ለግማሽ ሰዓት ነው፤ እርሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከዚያው ጋር ተኝቷል። ወንድ ልጅ ደግሞ እናቱን ማጠብ ያፍራል። እኅት ወይም ሌላ ሴት ካለች እርሷ ታግዝ፤ ከሌለ ግን እናት በእርጥብ አንሶላ ላይ ትደር ማለት ነው? ከእኛ ኀፍረት የእርሷ ኀፍረት ይበልጣል። አንድ ጊዜ እኛን ያጠበችን ሰው ዛሬ ለመታጠብ እኛን ትለምን? በር ስትዘጉ፣ ነጠላ ስትሸፍኑ፣ ፊታችሁን ሳታጨማድዱ ስታጥቡ፣ የምትመልሱላት ንጽሕናዋን ብቻ አይደለም፤ ክብሯንም ነው።

ሕመምተኛ ካጠብኩ በኋላ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ ብሎ የሚጨነቅም አለ። ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ለውጡ፤ ሐሳብ ከገባችሁም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ነገር ግን ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ማታ በመታጠቢያ ውኃ ጨምሮ፣ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አትርሱ። በየዓመቱ ካህናቱ የእኛን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ያን ቀን እግራችንን ዘርግተን ታጥበን ሌላውን ቀን ሁሉ ለማጠብ ካልጎነበስን ትምህርቱ ምን ጠቀመን?

ከድል በኋላ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አቢይ አበበ የተባሉትን የጦር መኮንን አግብተው፣ ባለቤታቸው ለሥራ ወደ ወለጋ ሲሄዱ አብረው ሄዱ። በዚያ በነቀምት ሳሉ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐረፉ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ቀኑን ልብ በሉ፤ ይኸው አሁን የያዝነው ጾመ ፍልሰታ ነው። ለአገራቸው እናቶችና ሕፃናት ብለው የተማሩትን ሙያ ብዙ ሳይሠሩበት፣ እርሳቸው ራሳቸው እንደ ብዙዎቹ የአገራቸው እናቶች በወሊድ ምክንያት ሄዱ። ለምን እንዲህ ሆነ ብለን እግዚአብሔርን አንመረምርም። ሥጋቸው አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል።

ሥራቸው ግን አልተቀበረም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባሉት የኢትዮጵያ ወዳጅ ከሌሎች ጋር ሆነው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው፣ በስማቸው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው እርሱ ነው። ስማቸው ከበሩ ላይ ተነሥቷል። በዚያ አልጋ ላይ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎለት ያደረ ሕመምተኛ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ተቆጥሯል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ሱባኤ አንድ ነገር እንያዝ። ቅዳሴው አልቆ ጠበላችንን ጠጥተን እቤት ስንገባ፣ ከመቅመሳችን በፊት ወደ ሕመምተኛው ክፍል እንግባ። በር ላይ አንቁም። ውኃ እናሙቅ፣ ሳፋውን እናቅርብ፣ እጅጌያችንን እንሰብስብ። በቤታችን የታመመ ከሌለ ጎረቤት አይጠፋም፤ ወጥታ ለመግባት ጊዜ ያጣች አስታማሚ አለች፤ ለአንድ ቀን እንኳ እንተካት። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የታመመውን ስለ መጠየቃችን ይጠይቀናል፤ መጠየቅም ብርቱካን ይዞ መቆም ብቻ አይደለም።

የልዕልት ፀሐይን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የአስታማሚዎችን እጅ ያበርታልን፤ የተኙትን ይማርልን። የእመቤታችን ጸሎትና አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።