ከጋፋት የተመዘዘ ሐረግ
የተዋናዩ የሰር ፒተር ኡስቲኖቭ ሕይወት

በጅቡቲ ከተማ፥ እንደ አርሂባ ባለ ሠፈር የሚያስተምር መምህር በየማለዳው የሚቀበላቸው ልጆች በቤታቸው አንድ ቋንቋ፥ በገበያ ሌላ፥ በትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። አፋርኛው፥ ሶማልኛው፥ ዐረብኛው፥ ፈረንሳይኛውና አማርኛው በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከእነዚህም ልጆች መካከል የጎረቤቱን አነጋገር፥ የነጋዴውን አጠራር፥ አልፎ አልፎም የመምህሩን አረማመድ እየቀዳ ጓደኞቹን የሚያስቅ አይታጣም። እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙዎች ቀልደኛና ባለጌ ነው ብለው ያልፉታል። ነገር ግን የእንግሊዛዊውን የሲኒማና የቴአትር ተዋናይ የሰር ፒተር ኡስቲኖቭን ሕይወት የተመለከተ መምህር በፍርዱ አይቸኩልም። የዚህም ሰው ታሪክ ለዚህ አገር አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ ከዘሩ ሐረግ አንዱ ሥር የበቀለው በኢትዮጵያ ምድር ነውና። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፥ አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችንና ሚሲዮናውያንን አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያም የአገር ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረ። በ1867 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው። ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ በፖላንድ አገር በክራኮው ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባው ሞሪትዝ ሆል ነበር። ይህ ሰው ወለተ ኢየሱስ የተባሉትን፥ በአውሮፓ ስማቸው ካታሪና የሚባሉትን ወይዘሮ አገባ። የወይዘሮዪቱ አባት በ1847 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመጀመሪያ ለደጃዝማች ውቤ፥ በኋላም ለአፄ ቴዎድሮስ ያገለገለው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ሲሆን፥ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ።

በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የሆል ቤተ ሰብም እዚያው ነበር። በዚያው ዓመት በመቅደላ ለባልና ሚስቱ ሴት ልጅ ተወለደችና ማግዳሌና ተባለች። ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ ከአገር ወጥቶ በፍልስጥኤም በያፋ ከተማ ተቀመጠ። ማግዳሌናም ለአካለ መጠን ስትደርስ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለ የሩስያ መኰንን ልጅ አገባች፤ በ1892 ዓ.ም. ዮና የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ዮናም በጊዜው ሩስያዊቱን ሠዓሊ ናድያ ቤኑዋን አግብቶ በለንደን ተቀመጠ። የእነዚህ ልጅ ፒተር በዚያችው ከተማ ሚያዝያ 16 ቀን 1921 ዓ.ም. ተወለደ። ስለዚህ የጋፋቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ለዚህ ሕፃን ቅድመ አያቱ ነበሩ።

የዘር ነገር በዚያ ዘመን ጨዋታ አልነበረም። ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ለመንግሥታቸው የሚያገለግለውን ሁሉ የዘሩን ሐረግ እንዲያስመሰክር ያስገድዱ ጀመር። ዮና ኡስቲኖቭ በለንደን ለጀርመን መንግሥት በጋዜጣ ሥራ ያገለግል ነበር፤ የእናቱ አባት ደግሞ ከአይሁድ የተወለደ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ከዚያ አገልግሎት ተለይቶ የእንግሊዝ ዜጋ ሆነ። ልጁ ፒተርም የሂትለር አምባሳደር የነበረው የሪበንትሮፕ ልጅ በተማረበት በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በቤቱ ሩስያኛ፥ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ እየሰማ ላደገ ልጅ፥ ሰው በደሙ ተመዝኖ የሚጣልበትን ሐሳብ ከንቱነት ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ፒተር ገና ሕፃን ሳለ ድምፅ መቅዳት ይወድ ነበር። የእንግዶችን አነጋገር፥ የእንስሳትን ጩኸት፥ የመኪናውን ሞተር ሳይቀር ያስመስል ነበር። ኡስቲኖቭ ራሱ እየሳቀ ይተርከው እንደ ነበረው፥ አንድ መምህር በትምህርት ውጤቱ ላይ ልጁ ከራሱ የሚያፈልቀው አዲስ ሐሳብ እጅግ የበዛ መሆኑን ገልጸው፥ ይህም በማናቸውም መንገድ ሊገታ እንደሚገባው ጽፈውበት ነበር። በ16 ዓመቱ ዌስትሚንስተርን ትቶ ሚሼል ሴንት ዴኒ የተባለው ፈረንሳዊ ወደሚመራው የለንደን የቴአትር ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም እንደ ብልግና ይቈጠርበት የነበረው ነገር ሙያ ሆነለት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደር ሆኖ አገለገለ። ከታዋቂው ተዋናይ ከኮሎኔል ዴቪድ ኒቨን ጋር የፊልም ድርሰት እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፥ ተራ ወታደርና ኮሎኔል አብረው መቀመጣቸው በሠራዊቱ ደንብ ስለማይፈቀድ የኒቨን አሽከር ተብሎ ተመዘገበ። ይህን የመሰለ ነገር ሁሉ ለእርሱ ሰውን ሳይጐዳ የሚያስቅ ተረት ይሆንለት ነበር። በ1951 ዓ.ም. ለለንደን ቴአትር ባቀረበው ድርሰቱም እንግሊዛዊ፥ ፈረንሳዊ፥ አሜሪካዊና ሩስያዊ የሆኑ አራት ኮሎኔሎችን በአንድነት አምጥቶ የየአገራቸውን ጠባይ አሳየ።

በዚያው ዓመት ኩዎ ቫዲስ በተባለው ፊልም ንጉሡን ኔሮንን ሆኖ ተጫወተ። ኡስቲኖቭ እንደሚተርከው፥ አሠሪዎቹ ዕድሜው ለዚህ ሥራ ትንሽ ነው ብለው ቢያመነቱ፥ ኔሮን ራሱ በሠላሳ ዓመቱ ግድም እንደ ሞተና ቢዘገዩ እርሱ እንደሚያረጅባቸው አስታወቃቸው። በ1960 ዓ.ም. በወጣው በስፓርታከስ ባሮችን እየገዛ ለትግል የሚያሠለጥነውን ባቲያተስን፥ በ1964 ዓ.ም. በወጣው በቶፕካፒ ደግሞ ፈሪና ምስኪን የሆነ አታላይ ሆኖ በመጫወቱ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1966 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን በተሠራ ድርሰት ፈላስፋውንና መምህሩን ሶቅራጥስን ሆኖ በመሥራቱም ተሸልሟል። ቤልጅጋዊውን መርማሪ ኤርኩል ፑዋሮን ስድስት ጊዜ ሆኖ ሲጫወት፥ ከልጅነቱ የሰበሰበው የአጠራር ሀብት ሁሉ ጠቀመው። የሩስያው ሙዚቀኛ ፕሮኮፊየቭ የደረሰውን የጴጥሮስንና የተኵላውን ተረት ለሕፃናት በድምፁ ተርኮ የግራሚ ሽልማት ተቀብሏል።

ኡስቲኖቭ ከታላላቅ ሽልማቶች ይልቅ ለሕፃናት የሠራው ሥራ የሚያስመሰግነው ነው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ እስኪሞት ድረስ በብዙ አገሮች እየተዘዋወረ አገልግሏል። ስለ ዘሩ ሲጠየቅም ሩስያዊውን፥ ጀርመናዊውን፥ ፈረንሳዊውንና ኢትዮጵያዊውን ደም በደስታ ይቈጥር ነበር እንጂ አንዱን ደብቆ ሌላውን አያወጣም ነበር። በመጨረሻው ዘመኑ የሰው ልጆች እርስ በርሳቸው ያለ ማስረጃ የሚናናቁበትን ምክንያት የሚመረምር ተቋም በቪየና እንዲቋቋም አደረገ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልተማረው ይህ ሰው ከ1968 እስከ 1974 ዓ.ም. የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር፥ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም የደራም ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ። በ1990 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። በ2003 ዓ.ም. ከደራም ኮሌጆች አንዱ በስሙ ተሰየመ። መጋቢት 28 ቀን 2004 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አርፎ በቡርሲን መንደር ተቀበረ።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ አባቶች። ሥርዓት በክፍል ውስጥ መኖሩ ግድ ነው፤ ጊዜውን ሳይለይ የሚቀልድ ተማሪም መገሠጽ ይገባዋል። ዳሩ ግን በተግሣጹ ጊዜ የሚቀጣው አጥፊነቱ እንዲሆን እንጂ ተሰጥኦው አብሮ እንዳይቀጣ መጠንቀቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። ድምፅ የሚቀዳውን ልጅ በሳምንቱ መጨረሻ በክፍል ፊት ተረት እንዲናገር፥ ሦስት ቋንቋ የሚያውቀውንም አንዱን ቋንቋ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ከልዩ ልዩ ወገን የተወለደውም ተማሪ በዘሩ እንዲያፍር የሚያደርግ ቃል ከመምህር አፍ አይውጣ። የትምህርት ቤት ሹማምንትም የተማሪውን ጠባይ በሚመዘግቡበት ወረቀት ላይ ብዕራቸውን ከማሳረፋቸው በፊት፥ በዚያ በኡስቲኖቭ የትምህርት ውጤት ላይ የተጻፈውን ፍርድ ቢያስታውሱ መልካም ነው።