ያልተሸጡ መኪኖች ከሥልጣን ያወረዷቸው የቶዮታ መሥራች

ከጂቡቲ ወደ ድሬዳዋ በሚያመራው የባቡር መስመር ላይ ከምትገኘው የሶማሌ ክልሏ አዲጋላ አንስቶ በመላው ኢትዮጵያ የሚታወቀውን ቶዮታ የመሠረቱት ጃፓናዊው ኪይቺሮ ቶዮዳ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1894 የተወለዱት ኪይቺሮ በቶኪዮ ምህንድስና አጥንተው በ1937 የመኪና ኩባንያውን አቋቋሙ። ፋብሪካው የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚፈለግበት ጊዜና መጠን ብቻ እንዲያገኝ፣ በመጋዘንም ትርፍ ክምችት እንዳይኖር የሚያስችል አሠራር ወጠኑ።

ይሁን እንጂ ጃፓን የዋጋ ንረትን ለመግታት በ1949 በወሰደችው ጥብቅ እርምጃ ሳቢያ ገዢ ጠፋ፤ ያልተሸጡ መኪኖች ተከማቹ፤ ዕዳውም በረታ። አበዳሪ ባንኮች ሽያጩ ለብቻው በሚቋቋም ኩባንያ እንዲካሄድ፣ ፋብሪካውም ሊሸጥ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲያመርት ጠየቁ። ሠራተኛ ላለመቀነስ ቃል የገቡት ኪይቺሮ ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኞች ሲሰናበቱ ኃላፊነቱን በመውሰድ በ1950 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ብዙም ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት ተቀስቅሶ የአሜሪካ ጦር በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖችን በማዘዙ ኩባንያው አንሰራራ። ኪይቺሮ ግን ወደ ሥልጣናቸው ሳይመለሱ በ1952 በ57 ዓመታቸው አረፉ። ውጥናቸውን የኩባንያው ባለሙያ ታይቺ ኦኖ ከዳር አድርሰውት፣ ትዕዛዝን ተከትሎ የማምረት ስልት በዓለም ፋብሪካዎች ተስፋፍቷል።