ከበደ ሚካኤል፣ የሕፃናት መምህር

ዛሬ የምናስታውሳቸው ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ግርም ገብርኤል ተወለዱ። ወደ አዲስ አበባ መጥተውም በአሊያንስና በላዛሪስት አባቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ተማሩ፤ ይህም ቋንቋ የዓለምን መጻሕፍት ከፈተላቸው።

ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ በራዲዮና በጋዜጣ ሠሩ፤ በትምህርት ሚኒስቴር ተሾሙ፤ ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍትም መሩ። ተውኔት ደረሱ፤ የሼክስፒርን ሮሜዮና ዡልየት ወደ አማርኛ መለሱ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ከትውልድ አገራቸው ከመንዝ እስከ ምንጃር አረርቲ ተማሪው ያወቃቸው በ«ታሪክና ምሳሌ» ነው። በዚህ መጽሐፍ እንስሳት ሳይቀሩ እየተነጋገሩ ትዕቢትንና ስስትን ይገሥጻሉ፤ ታሪኩ አጭር፣ ግጥሙም በቃል ለመያዝ የቀና ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤታቸው ተወረሰባቸው፤ የኋላ ዘመናቸውን በሆቴል ክፍል አሳልፈው ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም. ዐረፉ። ሹመቱም ቤቱም አለፈ፤ ለሕፃናት የተነገረው ምሳሌ ግን ቀረ። ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯልና፣ እኛ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለልጆች የምንነግራትን አጭር ታሪክ እንደ ትንሽ ሥራ አንቁጠራት።