ሰር ሮናልድ ፊሸርና የትንባሆ ክርክር

በሰፈራችን የአእምሮ ሕመም ያደረበት አንድ ጎልማሳ አለ። ከጧት እስከ ማታ ሲጋራ ከጣቱ አይለይም። ሰዎች ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ ገሚሶቹ አእምሮውን ያወከው ሲጋራው ነው ሲሉ፣ የቀሩት ደግሞ ሲጋራውን ያስለመደው ሕመሙ ነው ይላሉ። አያቴ ግን ሁለቱም ከዘር የመጣ ነው ብለው ነገሩን ይቆርጡታል። ይህ ሁሉ የሰፈር ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ዘንድሮ በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ዘር ውርስ ስንማር፣ ልክ እንደ አያቴ ያለ አሳብ ይዞ ከሐኪሞች ጋር የተሟገተ አንድ ታላቅ ሊቅ እንደ ነበረ ለማወቅ ቻልሁ። እርሱም እንግሊዛዊው ሰር ሮናልድ ፊሸር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ፊሸር በ1890 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሥዕልና የጥበብ ዕቃ በሐራጅ የሚሸጥ ባለጸጋ ነበረ። ነገር ግን ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ብዙም ሳይቆይ የአባቱ ንግድ ከሰረ። በዚህ ላይ ዓይኑ ደካማ ነበረ። በመብራት እንዳያነብ ሐኪሞች ስለ ከለከሉት፣ የሒሳብ ትምህርቱን ማታ ማታ በቃል ብቻ ይማር ጀመር። ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ ሒሳቡን በአሳቡ እየሣለ መሥራት ስለ ለመደ፣ ካደገ በኋላ ሌሎች በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን እርሱ በጥቂት መስመር ጽፎ ያልፈው ነበር። ይህም ልማዱ አንባቢዎቹን እስከ ዛሬ ያስቸግራል።

በ1909 ዓ.ም. በነጻ ትምህርት ዕድል ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1912 ዓ.ም. በሒሳብ ተመረቀ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ለመዝመት ቢፈልግም በዓይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ቆየ። ሊቅ ቢሆንም ጥሩ አስተማሪ አልነበረም ይባላል። (ይህን ስጽፍ መምህሮቻችንን ማለቴ አይደለም።)

በ1918 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ ለነገራችን ትልቅ ጥቅም አለው። ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘውን የውርስ ሕግ ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን የሰው ቁመት እንደ አተሩ ረዥምና አጭር ተብሎ በሁለት ስለማይከፈል፣ ብዙ ሊቃውንት የሜንዴል ሕግ ለሰው አይሠራም ይሉ ነበር። ፊሸር ግን አንድ ጠባይ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ በብዙ ጂኖች ቢወሰን፣ በሕዝብ መካከል የምናየው የቁመት ልዩነት ከሜንዴል ሕግ ጋር እንደሚስማማ በሒሳብ አስረዳ። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የጠባይ ምንጭ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሮትሃምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። በዚያ ከ1843 ዓ.ም. ጀምሮ የማዳበሪያ ሙከራ ይደረግ ስለ ነበረ፣ መዝገቡ እንደ ተራራ ተከምሮ ጠበቀው። ችግሩም ይህ ነበረ፤ ማዳበሪያ የተደረገበት መሬት የበለጠ እህል ቢሰጥ፣ ምናልባት አስቀድሞም አፈሩ የተሻለ ቢሆንስ? ፊሸር ያገኘው መድኃኒት ዕጣ ነው። የትኛው ማሳ ማዳበሪያ እንደሚያገኝ ገበሬውም ሊቁም ሳይመርጡ በዕጣ ይወሰን፤ ያን ጊዜ የአፈሩ ደግነትና ክፋት ለሁለቱም ወገን በአጋጣሚ ይከፋፈላል አለ። ዛሬ አንድ አዲስ መድኃኒት ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ መሞከር የተለመደው በዚሁ መንገድ ነው። ይህንኑ ለማስረዳት የሻይ ታሪክ ጽፏል። አንዲት እመቤት ወተቱ ከሻዩ በፊት ወይም በኋላ እንደ ተቀዳ ቀምሼ እለያለሁ ብትል፣ ስምንት ስኒ፣ አራቱን በአንዱ አራቱን በሌላው ዓይነት ቀድቶ በዕጣ ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። በግምት ብቻ ስምንቱንም ለይታ የማወቅ ዕድሏ ከ70 አንድ ነው።

በ1925 እና በ1930 ዓ.ም. ያወጣቸው መጻሕፍት ዝናውን በዓለም ነዙት። ሆኖም ጉድለቱንም መሸፈን አይገባኝም። ፊሸር ደካማ ተብለው የሚገመቱ ሰዎች ብዙ እንዳይወልዱ የሚሻውን ትምህርት የሚደግፍ ሰው ነበረ። በጀርመን አገር ይህንኑ የመሰለ አሳብ በ1933 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ፣ በስኪዞፍሬንያ የታመሙትን ጨምሮ ብዙ ሰዎች እንዲመክኑ ተደረገ። ካምብሪጅ የሚገኘው የቀድሞ ኮሌጁም በ2020 ዓ.ም. ለመታሰቢያው የተሠራውን የመስታወት መስኮት እንዲነሣ ወስኗል።

እንግዲህ ወደ ትንባሆው ልመለስ። በ1950 ዓ.ም. ዶልና ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የሳምባ ካንሰር የያዛቸው ሕሙማን ከሌሎች ሕሙማን ይልቅ ብዙ ሲጋራ ያጨሱ እንደ ነበረ አሳዩ። ቀጥሎም ወደ 40,000 የሚሆኑ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መዝግበው ቢከታተሉ ውጤቱ ያው ሆነ። ፊሸር ግን ይህን አልተቀበለም። ማጨስና አለማጨስ በዕጣ የተሰጠ አይደለም፤ ሰው ራሱ የሚመርጠው ነው፤ ስለዚህ ሰውን ለሲጋራ የሚያዘነብል ጂን ያው ራሱ ካንሰሩንም ያመጣ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል ሲል ሞገተ። በ1958 ዓ.ም. ከጀርመን አገር ስለ ተሰበሰቡ መንትዮች ጻፈ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት 51 ጥንዶች 33ቱ በማጨስ ልማዳቸው አንድ ሲሆኑ፣ እንደ ተራ ወንድማማች ከሆኑት 31 ጥንዶች ግን አንድ የሆኑት 11 ብቻ ነበሩ። ይህም ማጨስ ከዘር ጋር ግንኙነት እንዳለው ያመለክታል።

እኔ ይህን ስሰማ ሊቁ እውነቱን ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን መልሱ ብዙ አልዘገየም። በ1959 ዓ.ም. ኮርንፊልድና ጓደኞቹ በአሜሪካ እንደ ጻፉት፣ አጫሾች በሳምባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ያመጣል የሚባለው ድብቅ ጂንም በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ መብዛት አለበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ማንም አላገኘም። ከዚህም በላይ በሽታው በጥቂት ዐሥር ዓመቶች ውስጥ እጅግ ሲበዛ፣ የሰው ዘር በዚያ ፍጥነት አይለወጥም። ማጨስ የተዉትም ሰዎች ጂናቸው ያው ሆኖ ሳለ አደጋው ይቀንስላቸዋል። ፊሸር ራሱ ፒፓ አጫሽ ነበረ፤ ከትንባሆ ፋብሪካዎች ማኅበርም ለአማካሪነት ገንዘብ ይቀበል ነበር። በገንዘብ ተገዛ ለማለት አልደፍርም፤ ክርክር የሚወድና ሌሎች እንዳያጨሱ ሲከለከሉ የሚቈጣ ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ ለማሳና ለሻይ ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለፒፓው ሲሆን ጥንቃቄውን ወደ አንድ ወገን ብቻ ማዞሩ ያሳዝነኛል።

በመጨረሻም ወደ አውስትራሊያ ሄዶ በአዴሌይድ ከተማ በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዐረፈ። የሞተው በአንጀት ካንሰር ከተደረገለት ቀዶ ጥገና በኋላ ነው።

የሞገተበት ጥያቄ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ2008 ዓ.ም. የተለያዩ ተመራማሪዎች በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኒኮቲን በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ክፍል በሚሠሩ ጂኖች አጠገብ፣ ሰው በቀን የሚያጨሰውን ሲጋራ የሚያበዛ ልዩነት አገኙ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ36,000 በላይ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ተመርምረው፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 108 የጂን ሥፍራዎች ሲቈጠሩ ያው ሥፍራ ከመካከላቸው ተገኘ። እያንዳንዱ ሥፍራ የሚያዋጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህም ፊሸር በ1918 ዓ.ም. የጻፈውን ይመስላል። በስኪዞፍሬንያ የሚታመሙ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት እንደሚያጨሱም የታወቀ ነው። አሁን ሊቃውንቱ ማንኛው ማንኛውን እንዳመጣ ለመለየት የሚጠቀሙበት ዘዴ ከፊሸር ማሳ የመጣ ነው፤ ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ በዕጣ እንደሚደርስ አድርገው፣ ለብዙ ማጨስ የሚያዘነብል ጂን የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር ያስተያያሉ። እስካሁን ባለው ምርምር ማጨስ ለሕመሙ እንደሚያጋልጥ፣ ለሕመሙ መጋለጥም ወደ ማጨስ እንደሚያዘነብል፣ ከዚህም ጋር የጋራ ዘር እንዳላቸው ለሦስቱም ማስረጃ አለ፤ የየአንዳንዱ ድርሻ ግን ገና ተለይቶ አላለቀም።

ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብሁላቸው። እንግዲያው ሦስታችንም ወገኖች ጥቂት ጥቂት እውነት አለን ማለት ነው አሉና፣ ያ ሰው ሲጋራ መግዣ ሲለምናቸው መስጠት ይገባቸው እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም ለጊዜው ዳቦ ይግዙለት ብያቸዋለሁ።