ዐፄ ፋሲል፦ የትውልድ ሐረጋቸውና በዳጋ ያረፈው ዐፅማቸው

ዐፄ ፋሲል በ1596 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ፣ እናታቸውም እቴጌ ወልድ ሠዓላ ናቸው። የአባታቸው አባት አቤቶ ፋሲል የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበሩ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ በመቀበላቸው አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ከብዙ እልቂት በኋላ፣ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት አጸኑ፤ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ከየመን ኢማም ጋርም መልእክተኛ ተለዋወጡ። ይሁን እንጂ የነገሥታት ዘር የሆኑ ወንዶች በወኅኒ አምባ ተግዘው እንዲጠበቁ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን የአንድ ሰው የትውልድ ሐረግ ዙፋን የሚያሰጥ ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስግዝ ኃይል ነበረውና። የሐረጉም ማስረጃ የሰው ምስክርነትና የተጻፈ ታሪክ እንጂ የፊት መልክ አልነበረም።

ዐፄ ፋሲል በጥቅምት 1660 ዓ.ም. በአዘዞ ዐረፉ። ዐፅማቸው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ዘድንግል ነው ከሚባለው ዐፅም ጋር በክብር ይጠበቃል።

ለሙያ ባልደረቦቻችን ይህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። የራስ ቅልን በመለካት የሰውን ትውልድ መገመት በፎረንሲክ ሥራ የቆየ ልማድ ነው። ጀርመናዊው ብሉመንባኽ እ.ኤ.አ. በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል፣ ከሰሐራ በታች ያለውን የአፍሪካ ሕዝብ ሁሉ በአገራችን ስም ጠራው። አሜሪካዊው ዊልያም ሃወልስ በበኩሉ በ28 ሕዝቦች ከ2,500 በላይ የራስ ቅሎችን ለክቶ የመዘገበው ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለግላል። በዚያ ሰንጠረዥ የግብፅ፣ የዶጎን፣ የጣይታ፣ የዙሉና የቡሽመን ቅሎች ሲኖሩ፣ የኢትዮጵያ ግን አንድም የለም።

ችግሩ ከዚህ ይመነጫል። ስሌቱ የቀረበለትን ቅል ሁሉ ከተመዘገቡት ወገኖች ለአንዱ ይቀርባል ብሎ ይመድባል፤ እውነተኛው ወገን ከመዝገቡ ባይኖርም ምደባውን አይተውም። የዐፄ ፋሲል ቅል ቢለካ፣ አባታቸውና አያታቸው በስም የሚታወቁት ንጉሥ ለማያውቋቸው ሕዝብ ይሰጡ ነበር።

ስለ ንጉሡ ማንነት ታሪክ ስለሚመሰክር ስሕተቱ ጉዳት አያመጣም። ነገር ግን በጣና ዳርቻ ስሙ ያልታወቀ አስከሬን ቢገኝና መርማሪው በባዕድ ሰንጠረዥ ብቻ ተመርቶ ቢጽፍ፣ ፖሊስ ፍለጋውን ከሟቹ ቤተሰብ ሊያርቅ ይችላል። ቤተሰቡም ሬሳውን ሳያገኝ፣ እርሙን ሳያወጣ ይቀራል።

ስለዚህ ዐፅም በርግጥ የሚናገረውን፣ ማለትም ዕድሜን፣ ፆታን፣ ቁመትን፣ የጥርስን ሁኔታና የቆየ ስብራትን አስቀድመን እንመርምር። ስለ ትውልድ ስንጠየቅ ከየትኛው ሰንጠረዥ ጋር እንዳነጻጸርንና በዚያ ውስጥ የማን ወገን እንደጎደለ በዘገባችን እናስፍር። የራሳችን ሕዝብ ልክ በሚገባ እስኪመዘገብ ድረስ፣ ለፍርድ ቤት የምናቀርበው ቃል ከዚህ ወሰን ማለፍ የለበትም።