ዊልያም ማርስደን፤ የዲናር ሰብሳቢና አንባቢ

የዊልያም ማርስደን ስም በታሪክ የሚነሣው በአብዛኛው ከአንድ ሌሊት ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1805 የትራፋልጋር ድልና የአድሚራል ኔልሰን ሞት ለንደን ሲሰማ፣ መልእክቱን በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የተቀበለው ዋና ጸሐፊው ማርስደን ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከጦርነት ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ሥራ ጀመረ፤ በቁስጥንጥንያ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሰር ሮበርት ኤንስሊ ያከማቻቸውን ጥንታውያን የእስላም ገንዘቦች ገዛ።

ማርስደን በ1754 በአየርላንድ ተወልዶ፣ በ16 ዓመቱ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገልግሎት ወደ ሱማትራ ሄደ። እዚያም በዐረብ ፊደል ይጻፍ የነበረውን የማላይ ቋንቋ ተማረ። በ1779 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ፣ በ1783 የሱማትራን ታሪክ አሳተመ።

ይህ ዕውቀት በገንዘቦቹ ላይ ፍሬ አፈራ። የኡመያው ኸሊፋ ዐብደል መሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ ማለትም በ696/97 ካሳተመው አዲስ ዲናር ወዲህ፣ 4.25 ግራም ገደማ የሚመዝነው ወርቅ በመልክ ፈንታ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ዓመቱ በአኃዝ ሳይሆን በቃላት የተጻፈ ሲሆን፣ ፊደሉም ነጥብ የሌለው የኩፋ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ማንበብ ለማይችል ሰው ብርቅ የሆነው ዲናርና ተራው ዲናር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በሚዛን ተሽጠው ወደ አንጥረኛ ከውር ሊገቡ ይችላሉ።

ማርስደን በ1807 ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ጊዜውን ለጥናት አዋለ። ከ1823 እስከ 1825 በታተሙ ሁለት ቅጾች እያንዳንዱን ገንዘብ እንደየሥርወ መንግሥቱ መድቦ፣ ጽሕፈቱን ፈትቶ፣ ሥዕሉን ጨምሮ አቀረበ።

የቀረው ጥያቄ የስብስቡ ዕጣ ነበር። ሰብሳቢ ሲሞት ንብረቱ በጨረታ ይበተናል፤ ዲናሩም የተገኘበትና የተነበበበት መዝገብ ከእጁ ይለያያል። ማርስደን ግን ሞቱን አልጠበቀም። በ1834 ከ3,000 የሚበልጡትን ገንዘቦች በሙሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ያለ ዋጋ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1836 አረፈ።

ስታንሊ ሌን ፑል ከ1875 እስከ 1890 የሙዚየሙን የምሥራቅ ገንዘቦች መዝገብ በ10 ቅጾች ሲያዘጋጅ፣ የማርስደን ገንዘቦች ሳይበተኑ በሥፍራቸው ጠበቁት። ሰብሳቢው ወርቁን ለራሱ ባያስቀርም፣ ለተከታዮቹ የሚነበብ ታሪክ አቆየ።